ከአርባው በኋላ

  

ልጄ፣ የአባትሽ አርባ ካለፈ ሰነበተ። ድንኳኑ ተነቅሏል። የእድሩ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር ወደ ቦታው ተመልሷል። ከማሻም ከጅማም የመጡት ዘመዶች «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ሄደዋል። እኔ ስለ አንቺ መስጋት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በለቅሶው ሰሞን ብዙም አልሰጋሁልሽም፤ ያኔ ሰው ነበረሽ።

የእድር ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ደብተሬ ላይ የሚሰፍረው የሟቹ ስምና የተከፈለው ገንዘብ ነው። ከዚያ በኋላ በቤቱ የሚሆነው አይጻፍም። የማልጽፈውን ግን አየዋለሁ። በለቅሶው ሰሞን የሚያበላ፣ የሚያጠጣ፣ አጠገብ የሚያድር አለ። ሰው የሚጎዳው ቤቱ ጭር ሲል ነው። ያኔ ይቸኩላል። ይሸጣል፣ ይበደራል፣ አገር ጥሎ ይሄዳል፣ የማይሆነውን ሰው ያገባል። በዓመቱ ስታገኚው ሐዘኑ ቀለል ብሎለታል፤ የችኮላው ዕዳ ግን ገና መከፈል መጀመሩ ነው። ልጄ፣ እባክሽ፣ በዚህ ዓመት አትቸኩዪ።

በአንቺ ላይ የደረሰው አንድ ነገር ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ደመወዝሽ ባለበት ቆሞ ዘይቱና የቤት ኪራዩ ጥሎት ሄደ። 2017 እንደገባ የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሲፈርስ ትሠሪበት የነበረው ምግብ ቤት አብሮ ተዘጋ። ያጠራቀምሽው ለኪራይ አለቀ። ሥራ እየፈለግሽ ሳለ ደግሞ የአባትሽ ሞት መጣ። ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት በአንድ ሰው ላይ ሲወርድ ራስ ቢዞር አይገርምም።

ከሁሉ የቆጨኝ መርዶሽ ነው። በስልክ ሰማሽ አሉኝ። ያውም ታክሲ ውስጥ ሆነሽ፣ ያውም በቴሌግራም በተላከ ጽሑፍ። የላከብሽን ልጅ ክፉ ነው አልልም፤ ዘመኑ እንዲህ ነው። በእኛ ወግ ግን መርዶ እንዲህ አይነገርም ነበር። ሽማግሌ ይመረጣል። ጎህ ሳይቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረዋል። ሐዘንተኛው ሩቅ አገር ከሆነ «አባትህ ታመዋል፣ ድረስ» ተብሎ ይጠራና ቤቱ ገብቶ፣ ወገኑ መሀል ቆሞ ይሰማል። እናንተ ወጣቶች ይህን ውሸት ነው ትሉታላችሁ። ይሁን። የዚያ ሁሉ ድካም ምክንያቱ ግን ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ነበር። አንቺ ብቻሽን ሰማሽ። አውቶቡስ ተሳፍረሽ፣ ጅማን፣ ቦንጋን፣ ሚዛንን አልፈሽ ቴፒ ስትደርሺ ቀብሩ አልፎ ነበር። ከዚያ ደግሞ እንግዳ ማስተናገድ መጣ፣ ወጥ መሥራት መጣ፣ እናትን መደገፍ መጣ። ለራስሽ መቼ አለቀስሽ?

ስለዚህ አርባው አለፈ ብለሽ ለቅሶሽን አትቁረጪው። እርምሽን ገና አላወጣሽም። እርሙን ያላወጣ ሰው ምን እንደሚሆን በ2012 አይተናል። በዚያ መጋቢት ማለቂያ ላይ በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ድንኳን ቀረ፣ ማስተዛዘንም በስልክ ሆነ። በዚያ ወራት ወላጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ዛሬም ድረስ የሰው ለቅሶ ላይ ሲሄዱ የሚያነሡት የራሳቸውን ሟች ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ፣ በ2013 ጥቅምት፣ እዚሁ ጎረቤታችን ጉራፈርዳ ወረዳ ሰዎች ተገደሉ፣ የተረፉትም ሸሹ። ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው የት ተቀምጦ ያለቅሳል? ሐዘን ጊዜውን ከተነጠቀ ሳይጠሩት ይመጣል። በንዴት ይመጣል፣ በራስ ምታት ይመጣል፣ እንቅልፍ በማጣት ይመጣል።

መቃብሩ ጋ ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ከአባትሽ ወዳጆች አንዱን ይዘሽ ሂጂ። የማታውቂውን አባትሽን ይነግርሻል፤ ትስቂም ይሆናል። እቤት ቡና ስታፈሉ ስሙን ጥሩት። እናትሽ እንዳትከፋ ብላችሁ ስሙን ከቤት አታጥፉት፤ እሷም እናንተ እንዳትከፉ ብላ ዝም ብላለች፤ ሦስታችሁም እየተሳሳባችሁ ዝምታ ውስጥ ትከርማላችሁ። «የሞተ ተጎዳ» የሚልሽ ይኖራል። እኔ ይህን አባባል ወድጄው አላውቅም። የሞተውማ አርፏል። ተጎድቻለሁ ብትዪ ነውር የለውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሁሉም ወግ በሐዘን ጊዜ ጠብቁ ይላል። በክርስቲያኑ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት አለ። በእስልምናው ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋን ትጠብቃለች። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ባሏ የሞተባት ሴት 180 ቀን ሳይሞላ እንዳታገባ ያዛል። የሕጉ ሐሳብ የሚወለደው ልጅ አባት እንዳያከራክር ነው፤ ይህን አጥቼው አይደለም። ቢሆንም ቄሱም፣ ሼሁም፣ ዳኛውም በየራሳቸው ምክንያት ያንኑ ቃል ሲናገሩ እሰማለሁና እኔም እደግመዋለሁ። ጠብቂ።

የአባትሽን የቡና ማሳ ሊገዙ ሰዎች እየተመላለሱባችሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ለምን እንደበዙ ታውቂያለሽ? ብራዚልን ድርቅ መታትና በ2017 የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ በ1969 ዓ.ም. የደረሰበትን ጣሪያ አለፈ። ነጋዴው ይህን ያውቃል። እናትሽ አታውቅም። ሐዘን ቤት የሚመጣ ገዢ አንገቱን ደፍቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የሚገባው፤ ጨዋታው የሚጀመረውም በአባትሽ ደግነት ነው። ቀጥሎ «መሬቱን አይደለም፣ ቡናውን ብቻ ነው» ይልሻል። ቃሉን የሚመርጠው ወዶ አይደለም። መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ተጽፏል፤ ስለዚህ የሚዋዋልሽ በቡናው እግር ነው። የቡናው እግር ከሄደ ግን ከሥሩ ያለው መሬት ምን ያደርግልሻል? ማንስ ያስገባሻል?

ሌላው ደግሞ በአበባው ልግዛሽ የሚለው ነው። ይህኛው ይብሳል፤ እንደ ውለታ ሆኖ ይመጣልና። በየካቲትና በመጋቢት ዝናቡ ጣል ሲያደርግ ቡናው ያብባል። ከአበባ እስከ ቀይ እሸት ሰባት ስምንት ወር አለ። ገንዘቡን ዛሬ ትቀበያለሽ፣ ሰኔ ሳይደርስ ያልቃል። መልቀሚያው ሲመጣ በአባትሽ ማሳ ላይ ለሌላ ሰው የምትለቅሚ ቀን ሠራተኛ ትሆኛለሽ። የከርሞውንም በአበባው ካልሸጥሽ መኖር አትችይም። አራጣ ነው፤ ሌላ ስም ቢሰጡትም አራጣ ነው። በዚህ መንገድ የገቡ ቤቶችን በጣቴ ልቆጥርልሽ እችላለሁ፤ አብዛኞቹ የገቡት በለቅሶ ዓመት ነው።

ዘንድሮ የተለቀመውን መሸጥ ግን ሌላ ነው። እሱን ሽጪ። ብቻ ጀንፈሉን፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ ባንድ ጊዜ አታውጪው። የሚያስፈልጋችሁን ያህል አሁን ሽጪ፣ የቀረውን አቆዪው። በደንብ የደረቀ ጀንፈል ይቆያል፤ ቴፒ እርጥብ አገር ነውና ከመሬት ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። ዋጋውንም ከአንድ ሰው አትስሚ፤ ሚዛን ደውለሽ ጠይቂ፣ የገበሬዎቹን ማኅበርም ጠይቂ።

የማይጠብቅ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ወረቀቱ። ሞቱን ቀበሌ ሄዳችሁ ወሳኝ ኩነት ላይ አስመዝግቡ። ከዚያ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። አብረው ያፈሩት ሀብት እኩሌታው የእናትሽ ነው፤ ውርስ አይደለም፣ የራሷ ነው። ውርስ የሚባለው የአባትሽ ድርሻ ነው፤ እሱም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለልጆች እኩል ይደርሳል፣ ሴት ወንድ የለውም። «እኔ ሴት ነኝ፣ ለወንድሜ ይሁን» ማለት ደግነት ይመስላል። ዛሬ በደግነት የተተወ ነገር በአሥር ዓመቱ ወንድምና እህትን ፍርድ ቤት ያቆማል። ድርሻሽ በወረቀት ይታወቅ፤ መስጠት ከፈለግሽ ያኔ ትሰጪዋለሽ።

ችኮላ ምን እንደሚያደርስ አንድ ነገር ላስታውስሽ። በ2004 ልጅ ነበርሽ፤ ምናልባት ትዝ ይልሻል። ያን ጊዜ የዚህ አገር ሰው ተስፋው ሁሉ ዝንጅብል ነበር። ልጅ የሚያስተምረው፣ ቆርቆሮ የሚገዛው በዝንጅብል ነበር። ተበድሮ የተከለ ብዙ ነው። አጠውልግ የሚባል በሽታ ገባ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱን ሲጎትቱት ከሥሩ ይላቀቃል፣ ሥሩ ውሃ ሆኖ ይሸታል። በአንድ ክረምት አለቀ። ያኔ አንዳንዱ ሰው እልህ ያዘው። «ያጣሁትን እዚሁ መሬት ላይ እመልሳለሁ» ብሎ ከተረፈችው ሥር ዘር አውጥቶ በዓመቱ እዚያው ተከለ። በሽታው ግን አፈር ውስጥ ይቆያል፣ በዘሩም ይተላለፋል። ሁለተኛው ኪሳራ ከፊተኛው ባሰ፤ ለዘርና ለጉልበት የተበደረው ተጨመረበታ። ከሁለተኛው በኋላ ያልተነሡ አሉ።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ዓመት ዝንጅብል አልነካም። ሰው ሰነፈ አለው። መሬቱ ላይ በቆሎና ጎደሬ ጣል አድርጎ እየዞረ ይጠይቅ ነበር። የቴፒ ምርምር ማዕከል ሰዎችን ሳይቀር ያደክማቸው ነበር፤ ጥያቄው አያልቅማ። ቆይቶ በጥላ ዛፎቹ ላይ ቁንዶ በርበሬ አወጣ፣ ከሥር ኮረሪማ ጨመረ። አንቺን አዲስ አበባ ኮሌጅ ያስተማረሽ ያ ቁንዶ በርበሬ ነው። በዚያ በሰነፈ በተባለበት ዓመት ቢቸኩል ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ማሳም አይኖርም ነበር።

«ታዲያ ዓመቱ እስኪሞላ ምን ልሥራ?» ትያለሽ። ትንንሹን ሥሪ። ጠዋት በሰዓትሽ ተነሺ። ፊትሽን ታጠቢ። ቁርስ ብዪ፤ እናትሽም ስትበላ እይ። «በልቻለሁ» ስትል አትመኛት፣ ሳህኗን ተመልከቺ። ቡናው አረም ይፈልጋል፣ ጥላው መከርከም ይፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ሄደሽ ሥሪና ተመለሺ። ጎረቤት ለጨሞ፣ ለቡና ቅጠል ሻይ፣ ሲጠራሽ ሂጂ። አልፈልግም ባልሽ ቀን ይበልጥ ሂጂ። ሦስት ጊዜ የቀረሽበት ቤት አራተኛ ጊዜ አይጠራሽም፤ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ያስቸገረሽ ስለሚመስለው ነው።

ታናሽ ወንድምሽ ከዓይንሽ አይራቅ። የእሱ ነገር ከአንቺ ይልቅ ያስፈራኛል። እሱ ሐዘኑን አያወራም። አረቄ ቤት ይዞት ይገባል፣ ካልሆነም ስልኩ ላይ የኳስ ውርርድ ውስጥ ይደብቀዋል። አሁን ደግሞ የጀንፈል ገንዘብ ቤት ውስጥ አለ። አትጩኺበት፤ ጩኸት ያሸሸዋል። ሥራ ስጪው። ሚዛኑን እሱ ይያዝ፣ ሒሳቡን እሱ ይጻፍ፣ ቀበሌ ሲኬድ እሱ ይቅደም። የሚታመን ልጅ ነው፤ የሚያምነው ሰው አጥቶ እንዳይሆን።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ መንፈቁም አልፎ፣ አሁንም መነሣት ካቃተሽ፣ እህል ካስጠላሽ፣ መኖር ምን ያደርግልኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ መንፈቅ የለም፣ ያንኑ ቀን ለሰው ተናገሪ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከስድስት ወር በላይ ሰውን ጠፍሮ የሚይዝ ሐዘንን ከሕመም መድቦታል። ሕመም ከሆነ ሐኪም አለው። ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ወደ ሚዛን ማስተማሪያ ሆስፒታል ቢጽፉልሽም አትፈሪ። ጸበልም ሂጂ፣ ሁለቱ አይጣሉም። ሐኪም ቤት ስትገቢ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ እንዳትቀሪ፤ ሰው የሚለው በሳምንቱ ይረሳል።

ወደ ቴፒ መመለስሽ ሽንፈት መስሎሻል። እናትሽ ነግራኛለች፤ እንዳትቆጫት። እኔ ደግሞ እዚህ አገር በሽንፈት ያልመጣ ሰው ብዙ አላውቅም። በ1977 እና በ1978 በድርቁ ምክንያት 600 ሺህ ገደማ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ አገር ሰፈረ። ብዙው በፈቃዱ አልመጣም። ከመጣም በኋላ ብዙ ሰው በወባ ሞተ። ከእኛ መንደር አንዲት እናት አሉ፤ ሁለት ልጆች መንገድ ላይ ቀብረው ነው የደረሱት። የመጀመሪያውን ዓመት ጤፍ ካልሆነ አልበላም ብለው ራሳቸውን ሊጨርሱ ነበር። ጎደሬ ምኑ እህል ነው፣ ይሉ ነበር። የሸኮ ጎረቤታቸው ዝም ብላ በየቀኑ እየቀቀለች ታስቀምጥላቸው ነበር። ቋንቋ አይግባቡም። አንድ ቀን በሉ። ከዚያ ተከላውን አሳየቻቸው። ከዚያ ቡና። ዛሬ ቤታቸው በር ላይ የጎደሬ ቅጠል ጃንጥላ አክሎ ታያለሽ። ወሎን ረሱ ወይ? አልረሱም። ልጆቻቸውን ሲያነሡ ትናንት የሆነ ይመስልሻል። በትዝታቸውና በጎደሬያቸው መሀል አርባ ዓመት ኖሩ።

እሳቸውን ሄደሽ ጠይቂያቸው። ከእኔ ምክር የእሳቸው አንድ ጀበና ቡና ይሻልሻል። ምን እንደበሉ፣ እንዴት እንደተኙ፣ ማን እንደረዳቸው ጠይቂ። ትልቅ ትልቁን አይነግሩሽም፤ ስለ ጎደሬው ነው የሚያወሩሽ።

አዲስ አበባ መመለስ ከፈለግሽ አልከለክልሽም። የወጥ ቤት ሙያ አለሽ፤ ሙያ ደግሞ በሰፈር መፍረስ አይፈርስም። እዚህም ቢሆን ቴፒ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ ተማሪው ምግብ ቤት ይፈልጋል። ብቻ ውሳኔው ከሙት ዓመቱ በኋላ ይሁን። ያኔም መሄድ ከፈለግሽ ስንቅሽን እኔ እቋጥራለሁ። አሁን ብትሄጂ ግን ከቤቱ ጭርታ እየሸሸሽ ነው፤ ጭርታው ደግሞ ኪራይ ቤትሽም ይከተልሻል።

በወሩ መጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የእድሩ ስብሰባ ነው። የአባትሽ ስም ወደ እናትሽ መዞር አለበት፤ ካልዞረ መዋጮው ይቋረጥና መብታችሁ ይወድቃል። የአባትሽን ደብተር ይዘሽ ነይ፣ የእናትሽን መታወቂያም አትርሺ። ወንድምሽንም አምጪው፤ ወንበር የሚቆጥርልን ጎበዝ ጠፍቶብናል።